ሥራ የሌላቸው የአምባር በያጆች

ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የተላከችው መዝጋቢ ልጅ ወደ ቤታችን የመጣች ቀን፣ ፊቴ ሦስት መቶ ያህል አፋቸው ያልገጠመ የብርጭቆ አምባሮች ተከምረው ነበር። በቀኝ እጄ አንዱን ነበልባል ላይ ይዤ በግራ እጄ ላቤን እጠርጋለሁ። በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቱ በአሮጌ ጨርቅ ተወትፏል፤ የጣሪያው ማራገቢያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሃይደራባድ በግንቦት ማራገቢያውን የሚያጠፋ ሰው ወይ አብዷል፣ ወይ አምባር ይበይዳል። የብየዳው ነበልባል ትንፋሽ አይወድም። ጥቂት ነፋስ ከነካው ይዋልላል፤ እሱ ከተዋለለ ብርጭቆው ይሰነጠቃል።

ልጅቱ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አስግጋ፣ ታላቅ እህቷ እንደሆንኩ ሁሉ «ባጂ፣ ሥራ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ የለም እህቴ። እኔ ቤት ነው የምውለው።»

«ምንም አትሠሪም?»

«ምን እሠራለሁ? እንዲሁ ቁጭ ብዬ ነው።»

ይህን ስል እጄ ላይ ያለው አምባር ቀልቶ ፍም መስሏል። አጠገቤ የነበረችው የባሌ እህት ኑዝሃት፣ ከንጋት ሶላት ጀምራ ስትበይድ ቆይታ ሁለተኛ እስሯን እያጋመሰች፣ «እኔም እንደሷው ነኝ፤ ቁጭ ብዬ» አለች። አንዱ እስር ሦስት መቶ ሃያ አምባር ነው። አማቴ አማ ዘይቱን ደግሞ ከአልጋዋ ሳትነሳ ነገሩን ማኅተም መታችበት፦ «ልጄ፣ የዚህ ቤት ሴቶች ሠርተው አያውቁም። ወንድ አላቸው።»

ወንዱ ባሌ ኢርሻድ ነው። በዚያ ሰዓት ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ክሪኬት ይከራከር ነበር። ሪክሻ ይነዳል፤ ሪክሻው ግን እንደ ጌታው ዕረፍት ይወዳል።

እንዳትስቁብን። በእኛ ሰፈር ሥራ ማለት በር ከፍቶ የሚኬድበት ነገር ነው። ቤት ውስጥ የሚደረገው፣ አጥንት ቢሰብርም መቀመጥ ይባላል። «እሠራለሁ» ያለች ሴት ባሏን «አያበላኝም» ብላ አደባባይ እንዳወጣችው ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ መዝጋቢዋ የሰፈሩን አርባ ቤት ስታዳርስ በአርባውም ቤት ሴቶች ከነበልባል ጀርባ ሆነው አንድ ዓይነት መልስ ሰጧት። ልጅቱም የተነገራትን ጻፈች፤ አስፈረመችን። ምን ታድርግ? ዓይን ያላት መሆኗን ማንም አልጠየቃት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ እንዳለፈ፣ ኑዝሃት ስትበይድ አንድ አምባር ተፈናጠረና የጋለ ስባሪ ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ። እሷም በጽጌረዳ ውሃ አጥባ፣ በጥጥ ሸፍና፣ በቀኙ ዓይኗ ሥራዋን ቀጠለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ሴት ናት፤ «እሷን ደግሞ ማን ይቀልባት?» እንዳትባል፣ ከሁላችን ቀድማ ተነስታ ከሁላችን በኋላ ነው የምትተኛው። ወር ሳይሞላ ግራ ዓይኗ ጨለመ። ቀኙም ቢሆን ስንት ዓመት ነበልባል ሲያይ ኖሮ ሞራ ጀምሮት ኖሮ፣ «ሻግፍታ፣ ቤቱ ጭስ ነው እንዴ?» ትለኝ ጀመር። ጭስ አልነበረም።

ከቦዩ ማዶ የሠራተኞች ሆስፒታል አለ። የዓይን ቀዶ ጥገና ለሠራተኛ በነጻ ነው፤ ሌላ ቦታ የሚጠይቁን ግን የእኛ ቤት ተሸጦም አይሞላውም። ይዣት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ጸሐፊ ቀና ብሎም ሳያይ፣ «የሠራተኛ ካርድ» አለ። የለንም አልኩት። «ካርድ የሌለው ሠራተኛ አይደለም። ሠራተኛ ያልሆነ ዓይኑ እዚህ አይታመምም» አለና መስኮቱን ዘጋው።

ካርዱን የሚሰጠው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነው። ታንቪር ሳሂብ የሚባሉት ሹም ድምፃቸው ማር ነው፤ ሻይ አዘዙልን፤ ወንበር ሳቡልን።

«ባጂ፣ ሕጉ እኮ አለ! እንዴት ያለ ቆንጆ ሕግ መሰለሽ። ቤቷ ውስጥ የምትሠራ ሴት እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ እኩል መብት አላት። ይኸው!» ብለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አሳዩኝ። አንዲት ፀጉሯ የተበጠረ ሴት፣ በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ መጋረጃው እየተወዛወዘ፣ ፈገግ ብላ አምባር ትበይዳለች።

«ሳሂብ፣ ይቺ ሴትዮ እየበየደች አይደለም» አልኳቸው።

«እንዴት?»

«መጋረጃው ይወዛወዛላ።»

አልገባቸውም። መዝገባቸውን አወጡና ገጹን በጣታቸው ወረዱት። «የእናንተ ሰፈር... አርባ ቤት... የቤት ውስጥ ሠራተኛ፣ ዜሮ።»

«ዜሮ? ማን ነው ዜሮ ያለው?»

«እናንተ ናችሁ እንጂ ማን ይሆናል! ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ሻግፍታ፣ ሥራ የላትም፣ ቁጭ ብላ ነው። ኑዝሃት፣ ሥራ የላትም፣ ቁጭ ብላ ነው። ፈርማችኋል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል፤ አሞሌውን ያቀለልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ። ኑዝሃት ጥጡን ዓይኗ ላይ እያስተካከለች ሻይዋን ጠጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይታረም እንግዲህ» አልኳቸው።

«ይታረማል! አሠሪሽ የፈረመበት ወረቀት አምጪ።»

አሠሪ። ይህን ቃል ይዤ ከኑዝሃት ጋር ወደ ቃዲር ሚያን ሄድኩ። ቃዲር ሚያን ጥሬውን አምባር ከፋብሪካ እያመጣ ለየቤቱ የሚያድል፣ የተበየደውን የሚሰበስብ ደላላ ነው። አሠሪዬ ነህና ፈርምልኝ ስለው ሁለት ጆሮውን በእጁ ይዞ ወደ ሰማይ አየ።

«አስተግፊሩላህ! እኔ አሠሪ? እኔ ወንድማችሁ ነኝ! ቤት ውላችሁ እንዳትሰለቹ ብዬ ነው አምባር የማመጣላችሁ። ሰው ሲያዝንላችሁ እንዲህ ነው የምትመልሱለት?»

«ሚያን፣ የኔስ ዓይን ከመሰልቸት ነው የጠፋው?» አለችው ኑዝሃት።

«አላህ ያሽርሽ እህቴ። ያችን እስር ግን ለሐሙስ አድርሺልኝ፤ ሱቆቹ እየጠበቁ ነው።»

ፋብሪካም ሄድን። ዘበኛው፣ «እኛ የምንሸጠው ለቃዲር ሚያን ነው፤ ሴት አናውቅም» ብሎ መለሰን። ቃዲር ወደ ፋብሪካው፣ ፋብሪካው ወደ ቃዲር፣ ቢሮው ወደ ሁለቱም። የአብዬን ወደ እምዬ ሲሉ የኑዝሃት ቀኝ ዓይን በየሳምንቱ አንድ ነገር ይሰናበት ነበር፤ መጀመሪያ መርፌ፣ ቀጥሎ ሩዝ ውስጥ ያለ ጠጠር፣ ቀጥሎ የሰው መልክ። አምባሩን በጣቷና በጆሮዋ መበየድ ለመደች። ብርጭቆው ሲገጥም ድምፅ አለው ትላለች። እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።

ሚያዝያ ላይ ታንቪር ሳሂብ ራሳቸው ሰፈራችን ድረስ መጡ። ቢሮው በትልቅ ሆቴል «የቤት ውስጥ ሠራተኛ ሴቶች የመብት ግንዛቤ ቀን» ሊያከብር ኖሯል። ተናጋሪ ሞልቷል፤ ምሳ ታዟል፤ ከካራቺ የቢሮው ዋና ጸሐፊ ይመጣሉ። የጎደለው ሴት ብቻ ነው።

«አሥር ሴቶች ይበቁኛል፤ ፊት ለፊት የሚቀመጡ። እናንተ መቼም ሥራ የላችሁም፤ ጊዜ አላችሁ» አሉን። ሰውየው ክፋት የለባቸውም፤ ያሉትን አይሰሙም እንጂ።

ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዷ ደግሞ መድረክ ላይ ሁለት ደቂቃ በይዳ ብታሳይ... ለካሜራ።»

«ኑዝሃት ታሳያለች» አልኩ።

«ዓይኗ...?»

«እጇ ደህና ነው።»

ሆቴሉ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አሥራችንም የራስ ልብሳችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበን ተደርድረን ተቀመጥን። ማቀዝቀዣው ከላይ እየተነፈሰ፣ ትልልቅ ሰዎች እየተነሱ በእንግሊዝኛ ስለ እኛ ተናገሩ። አንዲት መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ወይዘሮ የተናገረችው ሲተረጎምልን፣ ችግራችን የግንዛቤ እጥረት መሆኑን ተረዳን። እኔ ደግሞ የዓይን ሐኪም እጥረት ይመስለኝ ነበር። ግንዛቤ የሚሰጥ ወፍራም መጽሐፍም ለእያንዳንዱ ሰው ታደለ፤ ከእኛ ከአሥራችን ማንበብ የምትችለው አንዷ ናት፣ እሷም መነጽሯን ቤት ረስታለች።

ከዚያ ኑዝሃት መድረክ ላይ ተጠራች። ማቃጠያው ተለኮሰ። ነበልባሉ አንድ ጊዜ ተጎንብሶ ጠፋ። ተለኮሰ፤ ጠፋ። ካሜራው ይጠብቃል።

«ሳሂብ፣ ንፋሱን አጥፉልኝ» አለች ኑዝሃት።

«የምን ንፋስ?»

«ከላይ የሚመጣውን።»

ታንቪር ሳሂብ ለአስተናጋጁ ምልክት ሰጡ፤ ማቀዝቀዣው ቆመ። ነበልባሉ ቀና አለ፤ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል።

«ያ በር ይዘጋ። ያኛውም። መስኮት ካለ መጋረጃው ይውረድ።»

ተዘጋ፤ ወረደ። ኑዝሃት ጎንበስ አለችና አንዱን አምባር አንስታ አፉን እሳቱ ላይ ያዘች፤ ጣቷን ዞር አድርጋ ነካ ስታደርገው ገጠመ። ጭብጨባ ሆነ። ከካራቺ የመጡት ጸሐፊ ፈገግ ብለው ሊነሱ ሲሉ፣

«ቆዩ እንጂ ሳሂብ» አለቻቸው። «ይህ አንድ አምባር ነው። አንድ እስር ሦስት መቶ ሃያ ነው። ግንዛቤ ከተያዘ አይቀር በደንብ ይያዝ።»

ሰው ሳቀ። ጸሐፊውም ካሜራው እያያቸው ነበርና ስቀው ተቀመጡ።

አምስተኛው አምባር ላይ ሳቁ አለቀ። በሚያዝያ የሃይደራባድ ቀትር፣ ሁለት መቶ ሰው የታጨቀበት አዳራሽ በርና መስኮቱ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለእኛ አዲስ አይደለም። እኛ ክንብንባችንን ገለጥ አደረግን፤ ለእኛ ገና መሞቁ ነበር። አሥረኛው ላይ የጸሐፊው ኮት ጀርባ ረጠበ። አሥራ አምስተኛው ላይ የወይዘሮዋ ኩል ጉንጯ ላይ መንገድ ጀመረ። ያን ወፍራም መጽሐፍ የሚጠቀምበት ሰው የተገኘው ያኔ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ያራግብበት ጀመር።

ኑዝሃት እጇን አነሳች። «ማነው የሚያራግበው? ነበልባሌ ተዋለለ። መጽሐፉን አስቀምጡልኝ።»

ሁለት መቶ መጽሐፍ ጭን ላይ ወረደ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቷን አየሁት፤ ምንም አይታይበትም። እያንዳንዱን አምባር ከቤት ይልቅ እያዘገመች፣ እንደ ሙሽራ ጣት እየዳሰሰች ትበይዳለች። ሃያ። ሃያ አምስት። ከኋላ አንዱ ሳል ያዘው፤ አንዱ በር ሊከፍት ሲነሳ ታንቪር ሳሂብ ራሳቸው፣ «ተቀመጥ! ነበልባሉ!» ብለው ጮኹበት። ሠላሳኛው ላይ ጸሐፊው ከረባታቸውን ፈቱ። አርባኛው ላይ ብድግ አሉ።

«በቃ! በአላህ ይሁንባችሁ በቃ! ይህ እንዴት ያለ ሥራ ነው!»

ኑዝሃት አምባሩን አስቀመጠችና ጆሮዋን ወደሳቸው አዞረች። «ምን አሉ ሳሂብ?»

«ከባድ ሥራ ነው አልኩሽ! ክፈቱት ያንን በር!»

ማን እንደገፋኝ አላውቅም፤ መድረኩ ላይ ደርሼ ማይክሮፎኑን ይዣለሁ። «ታንቪር ሳሂብ፣ ሰሙ? ሥራ ነው አሉ! መዝገብዎ ግን ቁጭ ብላ ነው ይላል።»

«የምን መዝገብ?» አሉ ጸሐፊው ፊታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

«የኛ ሰፈር መዝገብ ነዋ። አርባ ቤት እንዲህ ተዘግቶ ይበየዳል፤ ሠራተኛ ዜሮ ተብሎ ተጽፏል። ይቺ ሴት ዓይኗ በዚህ እሳት ጠፍቶ፣ ሠራተኛ አይደለሽም ተብላ ከሆስፒታል ተመልሳለች። ዜሮ ያልኩትም እኔው ራሴ ነኝ፤ አላፈርኩም አልልም። አሁን ግን ሥራ ነው እያልኩ ነው።»

ካሜራው ወደ ጸሐፊው ዞረ። ከንግግሬ ይልቅ ሙቀቱ ይመስለኛል የረዳኝ። «ለዚች ሴት በዚህ ሳምንት ካርድ ይሰጣት» አሉ ለታንቪር ሳሂብ። «አሁን በሩን ክፈቱ!»

«ሌሎቹስ ሳሂብ?» አልኩ።

«ይጠናል» አሉ። በሩ ሲከፈት የወጡበት ፍጥነት ለትልቅ ሰው አይመችም።

ታንቪር ሳሂብ ቅጹን ሲሞሉ ላባቸው ገና አልደረቀም ነበር። የአሠሪ ስም? ቃዲር ሚያን አልፈርምም ብሏል። የሥራ ቦታ? ቤት ተብሎ እንዳይጻፍ ቤቱ በመዝገብ ሥራ የሌለበት ቤት ነው። እስክሪብቶውን ነከሱ፤ ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ዋናው ጸሐፊ ስትሠራ ያዩዋት የት ነው? ሆቴል! አልቋል።» ጻፉ፦ «የሥራ ቦታ፣ የሆቴሉ ሁለተኛ ፎቅ አዳራሽ። አሠሪ፣ የሆቴሉ አስተዳደር። የሥራ ዓይነት፣ አምባር ብየዳ።»

ኑዝሃት ሲነበብላት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዓመት ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ማኅተሙ እስኪያርፍበት ድረስ አልተነፈስኩም።

የሆስፒታሉ ጸሐፊ ካርዱን ገለባበጠ። «ሆቴል ውስጥ አምባር የሚበየደው ለምንድን ነው?»

«እሱን ሆቴሉን ጠይቅ» አለችው ኑዝሃት። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው።»

ካርድ ካርድ ነው፤ መስኮቱ ተከፈተ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗን ደጋግማ አየችላት፤ ከዚያ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። የቀኙን ሞራ እናነሳላታለን፣ ያያል፤ ግራው ግን ጠባሳው ሥር ሰዷል፣ ስባሪው እንደገባ ሰሞን ብትመጡ ይድን ነበር፣ አሁን አይሆንም አለችኝ። ያን ሰሞን መጥተን ነበር አላልኳትም። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ በኑዝሃት ዓይን፣ በዚያ «የለም» ባለ አፌ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው እስኪያየኝ አለቀስኩ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሐኪሟ ሦስት ወር ከእሳት እንድትርቅ የሕመም ፈቃድ ጻፈች፤ በደንቡ መሠረት ግልባጩ ለአሠሪዋ ይላካል፤ አሠሪዋ ሆቴሉ ነው፤ ተላከ። በሳምንቱ ባለ ማኅተም ደብዳቤ መጣልን፦ «የሠራተኛችን ፈቃድ ተፈቅዷል። ጤና እንመኝላታለን።» አንድ አምባር ያልሸጠ ሆቴል ፈቃድ ሰጣት።

አምባሩን የሚሸጠው ደግሞ ዒድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀር በራችንን አንኳኳ። ቃዲር ሚያን በሁለት እጁ አራት እስር ተሸክሞ ቆሟል።

«ይህ ያንቺ ነው፤ ይህ ደግሞ የኑዝሃት ድርሻ። እሷ ካልቻለች አንቺ ደርቢው። ዒድ ነው፤ ሱቆቹ ሊበሉኝ ነው።»

«የኔን ተቀብያለሁ» አልኩና ሁለቱን እስር ወሰድኩ። «የሷን ይዘህ ተመለስ። ሠራተኛዋ ፈቃድ ላይ ናት።»

«የምን ሠራተኛ? ኑዝሃት ናት እኮ!»

«እሷው ናት።»

ቃዲር ሚያን የቀሩትን ሁለት እስር ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሳቀ። በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ አሻግሮ አማ ዘይቱንን ፈለጋት፤ እሷ የቤቱ ትልቅ ናት፣ ሁልጊዜም ከእሱ ጋር ናት። «አማ፣ እስቲ ምከሪያት! በዚህ ቤት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሴት ሠራተኛ የሚባለው?»

አማ ዘይቱን ከአልጋዋ ወርዳ፣ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ፣ ዱላዋን ተመርኩዛ እስከ በሩ መጣች። ማዕዘኑ ላይ አንድ ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠችውን ልጇን አየቻት፤ ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን እስሮች አየቻቸው። ከዚያ በዱላዋ ጫፍ ወደ ቃዲር ሚያን እግር ገፋ አደረገቻቸው።

«አልሰማህም እንዴ?» አለችው። «ፈቃድ ላይ ናት አለችህ።»